ስለ ማኑዋሎች የክፍተት ዳሰሳ፦ ለሐዋሳ አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የክፍተት ዳሰሳውን፣ ማለትም ከማኑዋሎቹ የጎደለውን የመለየት ሥራ፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ከሰነዱ ማውጫ አንነሳ፤ ከተጠቃሚው ሥራ እንነሳ። ማውጫ ይዘን ከጀመርን ያለውን እንቆጥራለን እንጂ የጎደለውን አናይም። መጀመሪያ ኦፕሬተሩና የጥገና ባለሙያው የሚሠሩትን ዘርዝሩ፤ ማሽን ማስነሳት፣ ማጽዳት፣ ሲቆም ማስተካከል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መመሪያ መኖሩን ፈትሹ።

«የለም» ብቻ ብላችሁ አትመዝግቡ። ጨርሶ ያልተጻፈ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ የተሳሳተ፣ ኖሮም ተፈልጎ የማይገኝ፤ የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው። የመጨረሻውን አዲስ ጽሑፍ አይፈታውም፤ ርዕሱንና ማውጫውን ማስተካከል ሊበቃ ይችላል።

ቋንቋም ክፍተት ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲዳምኛና አማርኛ ለሚናገር ሠራተኛ የእንግሊዝኛ ማኑዋል ብቻ ከተሰጠው፣ ሰነዱ አለ ለማለት እኔ አልደፍርም፤ በተለይ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው ዓለም አቀፍ የአጠቃቀም መመሪያ መስፈርት፣ አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) 82079-1፣ መመሪያ ለታለመለት ሰው የሚገባ እንዲሆን ይጠይቃል።

ክፍተቶቹን በምትመዘግቡበት ሰንጠረዥ ላይ አደራ የምላችሁ «ማስረጃ» የሚለውን ዓምድ ነው። የጥገና መዝገብ፣ ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ፣ ሠራተኛው ራሱ የተናገረው፣ ሲሠራ ያያችሁት፤ አንዱ ይጻፍ፤ ከየት እንደተገኘና ቀኑም ጭምር። ማስረጃ የሌለው ግምት ነው፤ ለብቻው ይቀመጥ። የሰነዱ እትም ቁጥርና ኃላፊው አይረሱ።

ቅድሚያ ስትሰጡ ለመጻፍ የሚቀለውን ሳይሆን ሰው የሚጎዳበትን አስቀድሙ። ረቂቁን እስከ ዓርብ በቡድኑ ቴሌግራም ላኩልኝ።