ገለባው ይቅር፤ የቡናው ገለፈት ይሞከር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከሰብል ተረፈ ምርት ለገጠሩ ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት ባወጣችሁት ጽሑፍ ሐሳብ ብስማማም፣ ለማገዶነት የጤፍ ገለባን በመምረጣችሁ አልስማማም። የጤፍ ገለባ ትርፍ አይደለም፤ በበጋ የበሬ ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ተቦክቶም ግድግዳ ይመረግበታል። ገበሬው ገለባውን ሸጦ በሬውን ምን ሊያበላ ነው?

የቡና ገለፈት ግን ሌላ ነው። ከጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ ከደረቀ ቡና፣ ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሲሆን፣ በጅማ ዙሪያ በየመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል። አንድ ቦታ መከማቸቱም የማጓጓዣ ወጪን ያስቀራል። በሕንድ ቢሃር ከሩዝ ገለፈት ጋዝ እያወጡ መንደሮችን ማብራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ስለዚህ የክልሉ ኢነርጂ ቢሮ በአንድ መፈልፈያ አነስተኛ ማመንጫ ተክሎ ቢሞክር፤ ቀን መፈልፈያውን ያንቀሳቅስ፣ ማታ ለአካባቢው ቤቶች መብራት ይስጥ። ታሪፉ ግን ከተከላው በፊት ከነዋሪው ጋር ይወሰን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ