እናቴ፣ እርዱና ናኖው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ስለ ናኖ ቴክኖሎጂና ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን፣ ተመራማሪዎች የእርድን ንጥረ ነገር ናኖ በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጠቅልለው ለስኳር ሕመም እየሞከሩት ነው የሚለውን ጽሑፍ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «ይኸው፣ ሳይንሱም ወደ እርዱ ተመለሰ» አለችኝ። ደነገጥኩ። አምና ጎረቤት መክሯት የስኳር ክኒኗን ሜትፎርሚንን ትታ ከቅዳሜ ገበያ በገዛችው የሽፈራው ዱቄትና በአብሽ ብቻ ስትከርም፣ ስኳሯ ከ400 በላይ ወጥቶ በሌሊት በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስናት እኔና ወንድሜ ነን።

ጽሑፋችሁ ውሸት የለበትም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው፣ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ይቀይረዋል። ስለዚህ ወጥ ላይ የቱንም ያህል ብንጨምረው ሰውነት የሚያገኘው ኢምንት ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ንጥረ ነገሩን ለይተው በስብ ወይም ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚሠራ ካይቶሳን ይጠቀልሉታል፤ ቅንጣቷ ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ታንሳለች። እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። ግን እስካሁን አብዛኛው ውጤት የተገኘው ስኳር እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ነው። ይቺን አንድ መስመር ዘለላችኋት።

ሌላም አለ። ንጥረ ነገሩ በደንብ ደም ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ልክ እንደ መድኃኒት መጠኑ መታወቅ አለበት። ኢንሱሊን በሚወጋ ሰው ላይ ሲደረብ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል፣ እሱ ደግሞ ራስ ያስታል።

ዕፅዋትን መናቄ አይደለም። የሜትፎርሚን መነሻ ራሱ ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። ተክሉ ውስጥ ያለው ጋሌጊን መርዝነት ስላለው እንዳለ ሊወሰድ አልቻለም። የእሱ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በፈረንጆቹ 1922 በቤተ ሙከራ ተሠራ፣ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን የጻፈው ግን በ1957 ነው። 35 ዓመት! ለእናቴ «ክኒንሽም እኮ ከቅጠል የመጣ ነው» ስላት ዝም ብላ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

ነገ አንዱ ተነስቶ የሽፈራው ዱቄት ላይ «ናኖ» ብሎ ቢለጥፍ እናቴ ትገዛለች፣ እሷን የመሰሉ ብዙ እናቶችም ይገዛሉ። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም በትልቁ ጻፉልን፦ ሙከራው ገና በአብዛኛው በአይጥ ላይ ነው፣ ክኒናችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ። እናቴ ጋዜጣውን እየጠበቀች ነው።

ከጣና ዳር፣ አንባቢያችሁ