ፍሪዥያችሁ ተኝታ ነው፤ እንዳትጥሏት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አራት ኪሎ ሱቃችን የምትመጡት ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ነገር አንድ ሆኗል። በጥር ቤቱን በመዓዛዋ የሞላችው የፍሪዥያ አበባ አሁን ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ውሃ ቢጨመርላትም አልተሻላትም። ከነአፈሯ ልትደፏት ያሰባችሁ እንዳላችሁም ሰምተናል። እባካችሁ ቆዩ። አልሞተችም፣ እያረፈች ነው። ውሃውን አቁሙላት።

ፍሪዥያ የአይሪስ ቤተሰብ ናት፤ ለአበባ ማስቀመጫ የምትወስዱት ግላዲዮለስም ዘመዷ ነው። አገሯ አፍሪካ ነው፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቿ የሚበቅሉት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ ጫፉ፣ በኬፕ በኩል ነው። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከድርቅ ጋር። በዝናቡ ታድጋለች፣ ታብባለች። ሙቀቱ ሲመጣ ምግቧን አፈር ውስጥ ባለችው ትንሽ ሽንኩርት መሳይ ሥሯ አስቀምጣ ቅጠሏን ትጥላለች። በረንዳችሁ ላይ ያያችሁት ይኸንኑ ነው።

የሚያሰጋን የአዲስ አበባ ክረምት ነው። የተኛች ሥር በሐምሌ ዝናብ እርጥብ አፈር ውስጥ ከከረመች ትበሰብሳለች። ስለዚህ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቆፍራችሁ አውጧት። ከታች የተጨማደደች አሮጌ ሥር ታገኛላችሁ፤ እሷን ጣሏት። በላይዋ የተፈጠረችው አዲሷና በጎን ያሉት ትናንሾቹ ናቸው የሚፈለጉት። አፈራቸውን አራግፋችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። ላስቲክ በፍጹም አይሁን፤ ያልባቸዋል።

ቦታው ደግሞ ሞቃት ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቀዝቃዛ ጓዳ ይመርጣል። ፍሪዥያ ከእንቅልፏ በደንብ እንድትነቃ መጀመሪያ ሙቀት ያስፈልጋታል። አምራቾች 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ለ3 ወር ያህል ያቆዩአታል። በየቤታችን ይህን ያህል ሙቀት አይገኝም፤ ግን ፍሪጁ ላይ ወይም ምድጃው አጠገብ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ከጓዳው ይሻላል። ከተተከለች በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ እምቡጥ እንድትይዝ አፈሩ ቀዝቀዝ፣ 15 ዲግሪ ገደማ ማለት አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ለዚህ ምቹ ነው።

የምትተክሉት ዝናቡ ሲወጣ ነው፤ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ። ሹል ጫፏ ወደ ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት። ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅሉበት። የማሰሮው ቂጥ ቀዳዳ ይኑረው። ፀሐይ አትከልክሏት። አበባው ካለቀ በኋላም ቅጠሉ አረንጓዴ እስካለ ድረስ ማጠጣቱን አታቋርጡ፤ ለከርሞ የምትሰንቀው ያኔ ነው።

ሞቃት ቦታ የሌላችሁ ሥሮቹን ሱቃችን አምጡልን። ከረጢቱ ላይ ስማችሁንና የአበባውን ቀለም ጻፉበት። እስከ መስከረም እናቆይላችኋለን፤ ክፍያ የለውም። ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ብታደርሱን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአበባ ሱቃችሁ ባልደረቦች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ