የረጅም ልምምዱን ዳገት ለቀትር አናስቀር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ፀሐይ ከአዲስ አበባ ዳርቻ እየተነሱ ረጅም ርቀት የሚለማመዱ ብስክሌተኞችን በተመለከተ ይህን ጽፈናል። አሰልጣኞችም ወላጆችም እንዲያነቡልን እንፈልጋለን።

ከቃሊቲ ተነስቶ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል ሞጆ ደርሶ መመለስ የታወቀ መስመር ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጠዋት በቅዝቃዜው ወደ ታች ይኬዳል፤ ያን ጊዜ ጉልበት ብዙም አይወጣም። ሞጆ ከቃሊቲ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል መመለሻው ሽቅብ ነው፤ ያውም እግር ከደከመ፣ ኮዳ ከጎደለና ፀሐይ ከበረታች በኋላ። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉ ላይ የሚውለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ያንን ሙቀት የሚያወጣው ላብና ነፋስ ነው። ሽቅብ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ልጅ በዚያው ፍጥነት ነፋስ ከኋላው ከመጣበት ገላው ላይ የሚያልፍ አየር የለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው በሙቀት ተዝለፍልፎ የሚወድቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ቁልቁለት ላይ አይደለም።

ስለዚህ መስመሩ ይገልበጥ። ረጅሙ ልምምድ በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ በኩል ቢሆን ይሻላል። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ከሞጆ ጋር ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ከባዱ ዳገት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ያልቅ፣ ጉዞውም ከአምስት ሰዓት አይለፍ። ወደ ሞጆ መውረድ ግድ ከሆነ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ መመለሻውን ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ መምጣት ነውር የለውም። ከፍታው ግን ከፀሐይ ጨረር አያድንም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ቀትር ላይ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ልክ ከአናት በላይ ናት። ነጣ ያለ ስስ ባለ ሙሉ እጅጌ ማሊያ ይለበስ፣ አንገትና ጆሮም ክሬም ይቀቡ።

በዚህ ወቅት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ጋላቢውም ያላበው አይመስለውም። የሄልሜቱን ማሰሪያና የቁምጣውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ነጭ የጨው መስመር ከተሰመረበት ብዙ ላብ ወጥቷል። ትክክለኛውን መጠን የሚነግረው ሚዛን ነው። ከመውጣት በፊትና ከተመለሱ በኋላ ልብስ አውልቆ መመዘን ይበቃል። 62 ኪሎ የነበረ ልጅ ሁለት ሊትር ጠጥቶ ከአራት ሰዓት በኋላ 60.5 ከመዘነ፣ ያላበው ሦስት ሊትር ተኩል ነው፤ በሰዓት ወደ 900 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የቀነሰው ከክብደቱ ሁለት በመቶ አልፏል፤ ጉልበት የሚከዳው ከዚህ ጀምሮ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይጨምር። በየሩብ ሰዓቱ ሦስት አራት ጉንጭ እያሉ መጠጣት ነው፤ ጥማት እስኪያቃጥል ቆይቶ አንድ ሃይላንድ በአንዴ መገልበጥ ሆድ ያስጨንቃል። ክብደቱ ጨምሮ የተመለሰ ደግሞ ከላቡ በላይ ጠጥቷል። ባዶ ውኃ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ከባሰም ለሕይወት ያሰጋል።

ውድ የስፖርት መጠጥ አያስፈልግም። ለአንድ ሊትር ውኃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተገኘም ሎሚ። ማንኪያው በልኩ እንጂ ተቆልሎ አይሁን፤ ስኳሩ ከበዛ መጠጡ ሆድ ውስጥ ይዘገያል። በሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከመነሳት ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም በመጀመሪያው ሰዓት ይበላ። ሙቀቱ ሲያይል ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ጨጓራ ይዳከማል፤ ያን ጊዜ ሙዝና ተምር ይቀላል። ከሁለቱ ኮዳዎች አንዱን ማታ ግማሽ ድረስ ሞልቶ አጋድሞ በረዶ ማድረግ፣ ጠዋት መሙላት፣ ከዚያም እርጥብ ካልሲ ማልበስ ነው። ካልሲው እስካልደረቀ ድረስ ውኃው ቶሎ አይሞቅም።

ሁዳዴ ሁልጊዜ፣ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳንም፣ እዚሁ ወራት ውስጥ ይገባሉ። የሚጾም ልጅ ውኃ ሳይቀምስ አራት ሰዓት እንዲጋልብ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። በሁዳዴ ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም (ከቀዳም ስዑር በቀር) ረጅሙ ልምምድ ወደ ቅዳሜ ይዙር። በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀላል ግልቢያ ይበቃል።

አብረው የሚጋልቡ ሁሉ በሙቀት የመመታትን አደጋ ማወቅ አለባቸው። በጠራራ ፀሐይ የበረደው፣ የገላው ፀጉር የቆመ፣ መስመር የሚስት፣ ስሙን ሲጠሩት የማይገናኝ መልስ የሚሰጥ ጓደኛ «ትንሽ ይረፍ» የሚባል አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ሄልሜቱንና ማሊያውን አውልቁ፤ ያላችሁን ውኃ ሁሉ አናቱና ገላው ላይ እያፈሰሳችሁ በማሊያው አራግቡለት። ግራ ለተጋባ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። አንዱ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ (907) ይደውል፤ ሌሎቹ ማቀዝቀዙን አያቋርጡ። ሳያቀዘቅዙ ጭኖ መሮጥ መንገድ ላይ ጊዜ ይበላል፤ ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በቆየ ቁጥር አንጎልና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ውድድር ለምታዘጋጁም አንድ ጥያቄ አለን። በእነዚህ ወራት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስነሱ። ንግግርና የክብር እንግዳ ካለ ከሽልማቱ ጋር ይሁን፤ ልጆቹ መነሻው መስመር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው አይጠብቁ። በየ20 ኪሎ ሜትሩ፣ በተለይም ከየዳገቱ እግር ላይ፣ የሚጠጣ ውኃ ለብቻ፣ አናት ላይ የሚፈስ ለብቻ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታዳጊ ብስክሌተኞች አሰልጣኞች
ለገጣፎ