የበረራ ርቀትና ጊዜ ሲጻፍ ምኑ እንደተለካ ይገለጽ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ስለ ሀገር ውስጥ ጉዞ በምታወጧቸው ጽሑፎች በሁለት የክልል አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀትና የበረራው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአንድ በአንድ ቁጥር ተጠቅሶ ይታለፋል። ቁጥሩ ምን ተለክቶ እንደተገኘ ስለማይነገር፣ መንገደኛው ቀኑንና ገንዘቡን የሚመድበው በተሳሳተ ግምት ይሆናል።

ባሕር ዳርንና ላሊበላን እንውሰድ። የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበትና ከተራው ማይል በሚረዝመው ኖቲካል ማይል ሲሰላ 100 ገደማ ስለሚመጣ፣ ይህንኑ እንደ ተራ ማይል የወሰደ ጸሐፊ ርቀቱን ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያሳንሰዋል። በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ለሚታጠፍ ባለመኪና ደግሞ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የጊዜው ነገር ከዚህም ይብሳል። በአጫጭር የሀገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ ያካፈለ ሰው 17 ደቂቃ ያገኛል። ነገር ግን አውሮፕላኑ በዚህ መስመር ላይ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከባሕር ዳር ማረፊያ ተነሥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ተራራ አካባቢ በበቂ ከፍታ ለማለፍ ሽቅብ ሲወጣ ይቆይና፣ መውጣቱን ሳያጣጥም በተራሮች ወደተከበበው የላሊበላ ማረፊያ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው ላይ የሚያወጡት ጊዜ ግን ከዚህም የተለየ ነው፤ የሚቆጠረው የጎማው ታኮ ተነሥቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት መንቀሳቀስ ከጀመረበት አንሥቶ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ ታኮው እንደገና እስኪደረግለት ድረስ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀጥታ በረራ ሲኖር ነው። በሌለበት ቀን መንገደኛው አዲስ አበባ ወርዶ አውሮፕላን መቀየር ስላለበት፣ ለ185 ኪሎ ሜትር ሲል ወደ 665 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓትም ሁለቱ በረራዎች ተደምረው ከሚወስዱት ሊበልጥ ይችላል። ከላሊበላ ባሕር ዳር ለሕክምና ለሚላክ ሰው «ግማሽ ሰዓት» የሚለው ቁጥር ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ቀጠሮውን ሊያሳልፍበት ይችላል።

ከበረራው ሰዓታት ቀድሞ ማረፊያው መገኘት እንደሚያስፈልግም አይዘነጋ። የላሊበላ ማረፊያ ያለው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከከተማው ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ገና ዳገቱን በሚኒባስ መውጣት ይቀረዋል። ይህን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄደው እንግዳ ግን የሚያውቀው ከእናንተ ጽሑፍ ነው።

ስለሆነም ወደፊት እንዲህ ያሉ አኃዞች ሲወጡ፣ ርቀቱ የአየር ይሁን የመኪና፣ ጊዜው አየር ላይ የሚቆይበት ይሁን የፕሮግራሙ፣ በረራውም ቀጥታ ይሁን በአዲስ አበባ በኩል፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከባሕር ዳር