በአምቡላንስ የሄደችውን «ቀሪ» ላላችሁ፦ ለክፍለ ከተማችን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በጽሑፍ አመልክቻለሁ። በአካልም መጥቻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ስመለስ ከረምኩ። ስብሰባው የሚያልቅ ስላልመሰለኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ላስተምርዎ አልተነሳሁም፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣት ይላል። ከእሷ የሚጠበቀው የሐኪም ማስረጃ ማምጣት ነው። የእኛ ፋብሪካ ፈቃዱን አይከለክልም። የቀኑንም ደመወዝ ይከፍላል። ከዚያ የወሩን የአቴንዳንስ ቦነስ ድራሹን ያጠፋዋል። አንድ ቀን ከቀረሽ የወሩ ቦነስ በሙሉ የለም። «ቀሪ ቀሪ ነው» ይሉናል።

ደመወዛችንን መቼም ያውቁታል። በግል ድርጅት የደመወዝ ወለል ባልተቆረጠበት አገር ለልብስ ስፌት ሠራተኛ ቦነስ ማለት የቤት ኪራይ ድርሻዋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ትታይ ይላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ቀጠሮው ይደጋገማል። እንግዲህ በየወሩ ትምረጥ፤ ወይ ምርመራ፣ ወይ ኪራይ።

ከጎኔ ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ኪራዩን መረጠች። ሰባተኛ ወሯ ነበር። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋን አውልቃ ነበር ፔዳሉን የምትረግጠው። «ቀጠሮሽ አልደረሰም እንዴ?» ስላት «ወሩ ይለቅና ቦነሷ ትግባልኝ» አለችኝ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ራሴን አለች። ዓይኗ ብዥ አለባት። ሱፐርቫይዘሩ «ታርጌቱ ይሙላና ትሄጃለሽ» አላት። እንደምንም ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ ቁጥሩን አላመነችውም መሰለኝ ደግማ ለካች። 170 በ110። አምቡላንስ ተጠራ። በዚያው ሌሊት በኦፕሬሽን ተገላገለች፤ ልጁ ማሞቂያ ክፍል ገባ። ሁለቱም ተርፈዋል፣ ተመስገን።

የወሩን የደመወዝ ወረቀት የተቀበልኩላት እኔ ነኝ። ቦነስ የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ተጽፏል። ከጎኑ «ቀሪ» ይላል፤ ቀኑ በአምቡላንስ የተወሰደችበት ቀን ነው። ቀጠሮዋን የዘለለችው ለዚህ ቦነስ ብላ ነበር።

ያንን ወረቀት ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ባለሙያዎ አየት አደረጉትና «ቦነስ በሕጉ ደመወዝ አይደለም፣ ተወያይታችሁ ፍቱት» አሉኝ። ደመወዝ ምን እንደሆነ የሚተረጉመውን አንቀጽ 53 መጥቀሳቸው መሆኑ ነው። እሺ፣ ደመወዝ አይሁን። እዚያው አዋጅ ላይ ግን አንቀጽ 14 አለ። አሠሪ ሠራተኛውን በመብቱ ስለተጠቀመ ብቻ እርምጃ ሊወስድበት አይችልም ይላል። ምርመራ መሄድ መብቷ ከሆነ፣ ስለሄደች ቦነሷን መቁረጥ እርምጃ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ማበረታቻ? ባለሙያዎ አዋጁን ከመሃል ጀምረው አነበቡት መሰለኝ። ደግሞስ ምኑን ነው የምንወያየው? ግፊቷን?

ተቆጣጣሪ ልካችኋል፤ አልክድም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቡና ተፈላላቸው፣ ጠጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። የስፌት መስመሩን በመስታወት እንኳ አላዩትም። ማርች 8 ሲመጣ ግን አንቀርም፤ ቲሸርት ይታደለናል፣ ጽጌረዳ እንይዛለን፣ «ሴት የአገር ምሰሶ ናት» ይባልልናል። ምሰሶዋ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ከሄደች ቦነሷ ይቆረጣል።

የማታ ሺፍቱን ጉዳይ ዛሬ አላነሳውም። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ተቆጣጣሪዎ ቡናውን ይተውና ፔይሮሉን ያስከፍት። ለምርመራ ፈቃድ የወጡትን ሴቶች ስም ቦነስ ከተቆረጠባቸው ጋር ያስተያይ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዚያ የተቆረጠው ይመለስ። ለምርመራ የሄደች ነፍሰ ጡር «ቀሪ» ተብላ እንዳትመዘገብም በጽሑፍ ይዘዙልን። በቃል አይሁን። በቃል የተነገረን ብዙ አለን።

ከጎኔ ያለው ማሽን ላይ አሁን ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። እሷም አርግዛለች። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እንደማትሄድ ነግራኛለች።

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለፋብሪካው የሰው ሀብት ክፍል አላደረግሁም። ለእናንተ ያስገባሁት ማመልከቻ በማግስቱ ያለ ግልባጭ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።