ስለ ሌላኛው በረኛም ጻፉልን

ለስፖርት አምድ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፖርቹጋል ስትጽፉ ዩዜቢዮና ሮናልዶ አይጠፉም። እሰየው፣ እኔም አነባለሁ። የበረኛ ነገር ሲነሳ ደግሞ ሪካርዶ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከእንግሊዝ ጋር ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ፔናሊቲ ያዳነው፣ ከዚያም የማሸነፊያውን ምት ራሱ መትቶ ያስቆጠረው። ግን ሁሌ የምትዘሉት አንድ ጨዋታ አለ፣ እሱም ሮለር ሆኪ ነው። ፖርቹጋሎች በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ አንስተው አያውቁም። በሮለር ሆኪ ግን እስከ 2019 ድረስ 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ይህ እንዴት አንድ ዓምድ አይበቃውም?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። አራት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ፣ ሁሉም ከሥሩ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጎማዎች ያሉት ጫማ አድርገው፣ 40 በ20 ሜትር በሆነ ወለል ላይ ጠንካራ ኳስ በዱላ ይመታሉ። እኔን የሚገርመኝ በረኛው ነው። የእግር ኳስ ጎል 7.32 በ2.44 ሜትር ነው፣ የሮለር ሆኪው 1.70 በ1.05። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ስፋቱ አንድ አስረኛ ገደማ ነው የሚመጣው። ታዲያ ቀላል ነው እንዳትሉ። ፔናሊቲው የሚመታው ከ5.40 ሜትር ነው፣ ኳሷ ሩብ ኪሎ እንኳ ባትሞላም እንደ ድንጋይ የጠጠረች ናት፣ በረኛው ደግሞ ጎማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚጠብቃት። መዝለል የለም፣ መወርወር የለም፤ ያለችው ቅጽበት እግርን ወይም እጅን ለመዘርጋት ብቻ የምትበቃ ናት።

አሁን ወደ 1947 ልውሰዳችሁ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የሮለር ሆኪ የዓለም ዋንጫ የእንግሊዞች ነበር። በ1947 ውድድሩ ሊዝበን ላይ ሲካሄድ ፖርቹጋል ነጠቀቻቸው፣ የመጀመሪያዋም ሆነ። በረኛው ኤሚዲዮ ፒንቶ በቡድኑ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ሊዝበን፣ የእግር ኳሱ ብሔራዊ ቡድን ከእንግሊዝ ጋር ገጥሞ 10 ለ 0 ተሸነፈ። ጨዋታውን በረኛ ሆኖ የጀመረው የሊዝበኑ ክለብ የስፖርቲንግ ዡዋው አዜቬዶ ነበር፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ አንዱ። አስቡት እስቲ፣ አንድ አገር፣ አንድ ተጋጣሚ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት በረኛ። አንዱ ዋንጫ ያነሳል፣ ሌላው ከመረብ ኳስ ሲለቅም ይውላል። እኔ አዜቬዶን በዚያ ቀን ብቻ የሚያስታውሰው ሰው ያናድደኛል፣ ያን ቀን የትኛውም በረኛ ቢቆም አያድናቸውም ነበር።

ሁለቱንም ቡድኖች የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ዤዙሽ ኮሬያ። በረኛ አይደለም፣ የቀኝ ክንፍ አጥቂ ነው። "አምስቱ ቫዮሊኖች" ከሚባሉት የስፖርቲንግ አጥቂዎች አንዱ፤ በ1946/47 ስፖርቲንግ በ26 ጨዋታ 123 ጎል ሲያገባ በአጥቂ መስመሩ ላይ ነበር። በዚያ 10 ለ 0 ጨዋታም ተሰልፏል። ባለጎማውን ጫማ ሲያደርግ ደግሞ ለትውልድ ቦታው ክለብ ለፓሶ ዴ አርኮስ ይጫወታል፣ ከኤሚዲዮ ፒንቶ ጋርም የዓለም ሻምፒዮን ነው። ያን ዓመት ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ሰውነት ተሸክሟቸዋል ማለት ነው።

ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም ይባላል። ይሄ ሰውዬ ግን ሁለቱንም ያዘ። ኋላ ላይ ስፖርቲንግ አንዱን ምረጥ አለው፣ እሱም ገና 30 ዓመት ሳይሞላው ኳሱን ትቶ ሆኪውን መረጠ። የፖርቹጋል ገናና ክለብ፣ ገናና ስም፣ ሁሉንም ትቶ! እኔ በዚህ ውሳኔ ሁሌ እደነቃለሁ፣ ግን ባያስመርጡት ኖሮም እላለሁ።

ሮለር ሆኪ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ባርሴሎና ላይ ፖርቹጋልና አርጀንቲና በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኝተው ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ጎል እንደ ጉድ በሚዘንብበት ጨዋታ ፍጻሜ ላይ ያለ ጎል መለያየት ምን ማለት እንደሆነ ተመልካቹ ያውቀዋል። በፔናሊቲ ፖርቹጋል አሸነፈች፣ ከ16 ዓመት በኋላ። በረኛው አንጄሎ ዢራው የስፖርቲንግ ተጫዋች ነበር፣ አዜቬዶና ኮሬያ የተጫወቱበት ክለብ።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ፖርቹጋል በረኞች ስትጽፉ ከሪካርዶ ጎን ለኤሚዲዮ ፒንቶና ለዢራው ቦታ ስጧቸው። ለኮሬያ ደግሞ ሙሉ ገጽ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ